ከሊፋ ሁለት

አብነት ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው በሱፍቃድ የሰው ጆሮ አጥፍቶ አያውቅም። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ ግን እውነት ነው። ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ ሁለቱም ጆሮዎች ካልታዩ ካሜራውን አይነካም። "ጆሮ ይታይ!" ይላል። ጎፈሬ ያበቀለውን ፀጉሩን ያስሰበስበዋል፤ አንገቱን ያጋደለውን አገጩን ይዞ ያቃናዋል። በዚህ የተነሣ ሰፈሩ "በሱፍቃድ ጆሮ" የሚል ስም አውጥቶለታል። እሱ ግን ሃምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ይህን ስም አንድም ቀን አልሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ሰንጋ ተራ ተወልዶ፣ ሙያውን ከአጎቱ ጨለማ ክፍል ተምሮ፣ ፊልም ሲቀር ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ መያዝ ሲጀምር ደግሞ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ጨምሮ እዚህ ደርሷል። ሚስቱ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ልጁ ኑኃሚን ሜክሲኮ አንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ኮምፒውተሩን ታጸዳለታለች፣ አቧራውንም ቫይረሱንም። አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ "አልችልም" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፍና የወጣችበትን ፎቶ "ዓይኗን ክፈትልን" ሲሉት ከፍቷል። "አባታችን ከሠርጉ በፊት አረፉ፤ አስገባልን" ሲሉትም አስገብቷል፤ ከረባት ጭምር አሥሮላቸው። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የከረባት ጠላት ነበሩ፤ ቤተሰቡ ግን አልቅሶ አመሰገነው።

የታች ሰፈር እድር ያመጣለት ሥራ ከዚህ ሁሉ የባሰ ነበር። እድሩ መዝገብ የለውም። ድሮ ነበረው፤ አንድ ክረምት መዝገቡ የተቀመጠበት ቤት ጣሪያ አፈሰሰና ወረቀቱ ሁሉ ገንፎ ሆነ። ያኔ አባላቱ ተሰብስበው "ከእንግዲህ ወረቀት አናምንም" አሉና የእያንዳንዱን አባል ስም በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም አጻፉ። አንድ አባል ሲሞት፣ ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት የእድሩ ዳኛ መጥተው ስሙ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ይስባሉ። ደንቡም አጭር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለ ይቀበራል፤ ግድግዳው ላይ የሌለውን እድሩ አያውቀውም።

ታዲያ ለመንገድ ማስፊያ ሰፈሩ እንዲነሣ ተነገረ። ዕቃ ይነሣል፣ ሰውም ይነሣል፤ አሥራ አንድ ሜትር ግድግዳ ግን ማን ተሸክሞ ይሄዳል? ዳኛው አቶ ቦጂያ ጡረታ እስኪወጡ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቁጥር ያልወጣለትን ነገር አያምኑም። "ግድግዳው ፎቶ ይነሣ፤ ባነር ላይ ይታተም፤ ባነሩ ግድግዳውን ይተካ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ቃለ ጉባኤውንም በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ "ምንም አይጨመርበትም፤ ምንም አይቀነስበትም" የሚል። ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዓመታት በፊት አንዱ ብልጥ፣ አጎቱ በሞተ ማግስት ጎህ ሳይቀድ የሟቹን ስም ግድግዳው ላይ ጽፎ፣ ግድግዳውን የተደገፈ ለቀስተኛ ሁሉ ነጠላው ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

"በሱፍቃድ፣ ይህን ነገር ትችለዋለህ?" አሉት። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ችግሩ ግድግዳው አልነበረም፤ ፊቱ ያለው መተላለፊያ ነበር። ከግድግዳው ትይዩ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ በመካከላቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም። በሱፍቃድ ጀርባውን አጥሩ ላይ ለጥፎ ስልኩን ቢደግን የሚታየው ሁለት ክንድ ያህል ግድግዳ ብቻ ነው። ኑኃሚን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነችለትና አስረዳችው።

"ቆራርጠህ ታነሣዋለህ፣ አባዬ። ግን አንዱ ፎቶ የሚቀጥለውን ሲሶ ያህል መድገም አለበት። ፕሮግራሙ ሁለቱም ላይ ያለውን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ ይሰፋቸዋል።"

"ካልደገመስ?"

"የሚሰፋበት ያጣል። ደግሞ ስልኩን ከፍ ዝቅ አታድርገው። አንድ ከፍታ ላይ ሁን።"

ይህ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ቀላል ነው። በሱፍቃድ የቢራ ሳጥን ደፍቶ ላዩ ላይ ወጣ። አብነት ውስጥ ግን ትልቅ ሰው በሥሩ እያለፈ ከሳጥን ላይ ሆኖ "ደህና አደሩ" የሚል ሰው አላደገም። ስለዚህ ሰው በመጣ ቁጥር ይወርዳል፤ ጎንበስ ይላል፤ የልጅ የልጅ ልጁን ደህንነት ይጠይቃል፣ ይጠየቃል፤ መንገደኛው እንዲያልፍ ሳጥኑን ያነሣል፤ ከዚያ ሳጥኑን መልሶ ይወጣል። ሳጥኑ ደግሞ ቀድሞ የነበረበት ቦታ አይመለስም። እስከ ምሳ ሰዓት ሠላሳ ሰባት ጊዜ ወረደ። አንዴ የወረደው ለበግ ነው የሚሉ አሉ፤ በጉን የሚጎትቱት ግን ሽማግሌ ስለ ነበሩ አይፈረድበትም።

ሠላሳኛውን ፎቶ አንሥቶ ሲያበቃ እማማ ወለተሰንበት መጡ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸውን ይኸው እድር ከቀበረው ቆይቷል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሰፈሩ የእሳቸው እጅ ያላጠበው የለቅሶ ቤት ብርጭቆ የለም። ዓይናቸውን ሞራ ከያዘው ወዲህ አንድ ልማድ አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግድግዳውን እየዳበሱ ይመጡና ስማቸው ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ጣት ያውቀዋል። "የሚቀብረኝ አለ" ይሉና ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

በሱፍቃድ ከሳጥኑ ወረደ።

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ?"

"ይመስገን። ምን ልትሠራ ተሰቀልክ፣ ልጄ?"

"ግድግዳውን ፎቶ እያነሣሁት ነው። ነገ ይፈርሳል።"

"ስሜም አብሮ ይነሣል?"

"ሁሉም ይነሣል።"

"እኔ እኮ አላየውም፤ በእጄ ነው የማውቀው። አንተ አየኸው?"

"አየሁት እማማ፣ አየሁት።"

አላየውም። መዳፋቸው ላዩ ላይ ነበርና ሊያየውም አይችልም። ፀሐይዋ እየዞረች የአጥሩን ጥላ ግድግዳው ላይ ልትጥል ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚሄዱ አይመስሉም። የሰማንያ ሦስት ዓመት እናት "ዘወር ይበሉልኝ" አይባሉም፤ ይህን የሚል ሰው እናቱን ያሰድባል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ሠላሳ አንደኛውንና ሠላሳ ሁለተኛውን ፎቶ ከነእሳቸው አነሣ፤ ሲሄዱ እደግመዋለሁ ብሎ። ሲሄዱ ሌላ ዘጠኝ ሰው ተከታትሎ መጣ። ዘጠኝ ጊዜ ወረደ፣ ዘጠኝ ጊዜ ወጣ። ረሳው። በማግስቱ ምሳ ሳይደርስ ግድግዳው አቧራ ሆነ።

አርባ ስምንቱን ፎቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ከቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ግድግዳው እንደ ኮርቻ ጎብጦ ጠበቀው። በጉ ስድስት እግር አውጥቷል። ኑኃሚን በስልክ እንዳስረዳችው ፕሮግራሙ የሚገባው ጠፍጣፋው ነገር ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የቆመና የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይምታታበታል። በዚያ ላይ "ወልደ" እና "ወለተ" የሚል ስም ስለ በዛበት አንዱን ከሌላው እየሰፋ፣ ለአቶ ወልደ ሚካኤል የማያውቁትን አባት ሰጥቷቸዋል።

በሱፍቃድ በእጁ ያዘው። ፊደል ከፊደል፣ ስንጥቅ ከስንጥቅ እያስማማ ዘጠኝ ቀን ሰፋው። እድሜ ልኩን ሰው ሲቆርጥ የኖረ ሰው አሁን ገና ግድግዳ ሲሰፋ ደስ አለው። ከዚያ ወደ ጽዳቱ ገባ፤ የሰው ጭንቅላት፣ የዳቦ ዘንቢል፣ የበጉን ስድስቱንም እግር አጠፋ። ለዚህ ፕሮግራሙ ጥሩ ዘዴ አለው፤ የማትፈልገውን ነገር ዙሪያውን ትከብበዋለህ፣ እሱ አጠገቡ ያለውን ግድግዳ አይቶ ክፍተቱን ራሱ ይሞላልሃል። እማማ ወለተሰንበትንም ከበባቸው። ጠፉ። ቦታቸውም በሰማያዊ ፊደል ጢም ብሎ ሞላ። በሱፍቃድ አላነበበውም፤ ሰው ጥርሱን ሲፍቅ ጥርሱን ይቆጥራል እንዴ?

አዲሱ መሰብሰቢያ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ አዳራሽ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባነሩ ተሰቀለ። አባላቱ እየተጋፉ ስማቸውን ፈለጉ፤ ያገኘው ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ፎቶ አነሣው። በሱፍቃድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ሙሽራ አባት ጥግ ይዞ ቆሟል።

መጀመሪያ የጮኸው ቆርቆሮ ሠሪው ከሊፋ ነው።

"ኧረ ጉድ በሉ! ሁለት ጊዜ አለሁ! ከሊፋ አብዱልከሪም፣ ከበታቹ ደግሞ ከሊፋ አብዱልከሪም! አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው!"

ሳቅ ሆነ። በሳቁ መካከል እማማ ወለተሰንበት ባነሩን እየዳበሱ መጡ። ባነር ልሙጥ ነው፤ ጣት የሚያውቀው ነገር የለውም።

"ከሊፋ፣ አንተ ነህ? እኔ ሁልጊዜ ካንተ በታች ነኝ። እስቲ አንብብልኝ።"

ከሊፋ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

"እማማ... ከእኔ በታች እኔ ነኝ።"

"ካንተ በታች እኔ ነኝ እንጂ።"

"ነበሩ" አለ ከሊፋ ቀስ ብሎ።

አዳራሹ ውስጥ እማማን የማያውቅ ሰው የለም። አቶ ቦጂያ ራሳቸው እናታቸው ባረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ የበሉት እማማ ወለተሰንበት የሠሩትን ነው። ግን ተነሥተው መነጽራቸውን አወለቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ እኔ ቦጂያ አውቅዎታለሁ። ዳኛው ግን አያውቅዎትም። ባነሩ ላይ የሉም።"

"ይጻፉዋ!" አለ ከሊፋ። "ቀለም ጠፋ?"

"ምንም አይጨመርበትም ብለን ፈርመናል። ዛሬ ለእሳቸው ከጻፍን ነገ ሁሉም ብሩሹን ይዞ ይመጣል። እንደ አዲስ አባል መመዝገብ ይችላሉ፤ አዲስ አባል ደግሞ በደንቡ አንድ ዓመት ይጠብቃል።"

"ምን ለመሆን?" አሉ እማማ።

"ለመቀበር።"

"እኔስ እጠብቅ ነበር፤ የሚመጣው ይጠብቃል ወይ?"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ያጠፋው በሱፍቃድ፣ የተቀጡት እማማ። በሱፍቃድ ከአዳራሹ ሮጦ ወጥቶ ወደ ፈረሰው ቦታ ሄደ። የስሚንቶውን ፍርስራሽ መኪና ወስዶታል፤ በጆንያ ይዞ የተመለሰው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነበር። ከመካከሉ ፊደል ያለበት አንድ ተገኘ፤ "ሚካኤል" ይላል። አቶ ወልደ ሚካኤል አመስግነው ተቀበሉት። በሱፍቃድ ፎቶ ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሠላሳ አንደኛውን ፎቶ ከፈተ፤ የእማማ አካል ስሙን ጋርዶታል። ስሙ የለም። ዘጋው።

በሱፍቃድ እስኪመለስ ጉባኤው ውሃ ሲወቅጥ ነበር፤ ውሃ ቢወቅጡት ደግሞ እንቦጭ ነው። በመጨረሻ ከሊፋ እጁን አወጣ።

"እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የምሞተውም አንድ ጊዜ ነው። ሁለት ስም ምን ያደርግልኛል? የታችኛውን ለእማማ ሰጥቻለሁ።"

አቶ ቦጂያ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ገልጠው አዩ። ስም መስጠትን የሚከለክል አንቀጽ የለም። ባነሩም ላይ ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እማማ ወለተሰንበት ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሊፋ ሁለት ሆኑ።

ወዲያው ጣጣው መጣ። አንዱ፣ "ከሊፋ ሁለት ቢያርፉ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ጡሩምባ ነፊው ምን ብሎ ይለፍፍ? ከሊፋ ሞተ ካለ ሰው የሚጎርፈው ከሊፋ ቤት ነው" አለ። ሌላው፣ የአስከሬን መኪናው ወደ ኮልፌ የሙስሊም መቃብር ይዙር ወይስ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠየቀ። ይህን የሚያጠና ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ። የከሊፋ ሚስት መይሙና ደግሞ፣ ዳኛው ተሳስተው ባሏ ላይ በቁሙ ጥቁር መስመር እንዳይስቡበት፣ በየስብሰባው ቀድማ እየመጣች ባነሩ ሥር ትቀመጥ ጀመር።

እድሩ በወር አንዴ ሲሰበሰብ አቶ ቦጂያ ባነሩን እያዩ ስም ይጠራሉ።

"ከሊፋ!"

"አቤት!" ይላል ከሊፋ በወፍራም ድምፁ።

"ከሊፋ ሁለት!"

"አቤት" ይላሉ እማማ ወለተሰንበት ከኋላ ወንበር።

በመጀመሪያው ወር ሰዉ ሳቀ። በሁለተኛው ፈገግ አለ። በሦስተኛው ግን ማንም ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ተለመደ። በሱፍቃድን የገደለው ይህ ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመት ወለተሰንበት የነበሩ ሴት፣ እሱ "ዘወር ይበሉ" ማለት አፍሮ፣ በሰው ስም አቤት ይላሉ። ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥቶ በቀጥታ ፎቶ ቤቱ ሄደና ሠላሳ አንደኛውን ፎቶ እንደገና ከፈተ።

ያን ጊዜ የተመለከተው ስም ፍለጋ ነበር። አሁን ሴትዮዋን አየ። መዳፋቸው ግድግዳው ላይ ተዘርግቷል፤ ከአውራ ጣታቸው ወዲያ የመጨረሻዋ ፊደል፣ የ"ት" ጫፍ፣ ብቅ ብላለች። ፊታቸው ወደ እሱ ዞሯል፤ አፋቸው ከፈት ብሏል። "አየኸው?" እያሉት ነው። ነጠላቸው ወደ ኋላ ሸርተት ስላለ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ጥርት ብለው ይታያሉ። በሱፍቃድ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰ።

ሲረጋጋ ከባነሩ ፎቶ ላይ ሁለተኛውን ከሊፋ አንሥቶ እማማን ወደ ቦታቸው መለሳቸው። መጀመሪያ ሠላሳ አንደኛውንና ሠላሳ ሁለተኛውን አንድ ላይ ቢሰፋቸው ሁለት ራስ አወጡ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው መልስ ይጠብቃል። ሠላሳ ሁለተኛውን ጣለውና በአንድ ራስ አስቀራቸው። አዲስ ባነር አሳትሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ተሸክሞ መጣ፤ ሰቀለውና ሰዉ ፊት ቆመ።

"ዋሽቻለሁ" አለ። "እማማ ስሜን አየኸው ብለው ጠየቁኝ፤ ሳላይ አየሁት አልኳቸው። ዘወር ይበሉ ማለት አፍሬ ከነአካላቸው አነሣኋቸው፤ ከዚያ ፎቶው እንዲያምርልኝ እንዳልነበሩ አድርጌ አጠፋኋቸው። ምንም አይቀነስበትም ተብሎ ነበር። የቀነስኩት እኔ ነኝ። አሁን የቀነስኩትን መልሻለሁ።"

አቶ ቦጂያ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ተጠጉ። በአራተኛው ዓምድ፣ ከከሊፋ በታች፣ በሰማያዊ ስሞች መካከል አንዲት አሮጊት ቆመዋል።

"ይህ እኮ ስም አይደለም" አሉ። "ሰው ነው።"

"ስሙ ከኋላቸው ነው፣ ዳኛ። እጃቸው ይዞታል። ከአውራ ጣታቸው አጠገብ ይመልከቱ።"

አቶ ቦጂያ እስትንፋሳቸው ባነሩን እስኪያደበዝዘው ተመለከቱ።

"'ት' ትታያለች" አሉ በመጨረሻ። "የቀረው ፊደል ከወይዘሮዋ ጋር ነው።"

"አልሃምዱሊላህ፣ አንድ ሆንኩ!" አለ ከሊፋ። መይሙና ከባነሩ ሥር ተነሥታ ወንበሯን ወደ ሴቶቹ ወሰደች። ከሊፋ እማማን ክንዳቸውን ይዞ አመጣና መዳፋቸውን በፎቶው መዳፍ ላይ አሳረፈላቸው። "እዚህ ነዎት፣ እማማ። አሁን እኔም አይቼዎታለሁ" አላቸው። እሳቸው እጃቸውን አላነሡም።

አቶ ቦጂያ ግን አልተቀመጡም። ብዕራቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ።

"አንድ ነገር ይቀራል። ወይዘሮ ወለተሰንበት፣ ዕድሜ ይስጥዎትና፣ የማይቀረው ቀን ሲመጣ ጥቁሩን መስመር የት ላይ ልሳብ? ስሙ ከኋላዎ ነው። ሰው ላይ ደግሞ መስመር አይሳብም፤ እጄ እሺ አይለኝም።"

በሱፍቃድ ራሱን ያዘ።

"አይጨነቁ፣ ዳኛ" አሉ እማማ። "ያን ቀን ዘወር እልልዎታለሁ።"

አቶ ቦጂያም እማማ እንዳሉት አድርገው ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት።